የእግር መኪና ሞተር ሲገጠምላት

የአክስቴ ሲንጀር የስፌት መኪና በዕድሜ ትበልጠኛለች። ጥቁሩ ብረት ላይ የተሳለው ወርቃማ ሐረግ ደብዝዟል፤ ጂንስ ቢሰጧት ግን ዛሬም ሳታመነታ ትሰፋለች። የደከመው የአክስቴ ጉልበት ነው። ሐኪሙ «መርገጥ ይብቃዎት» ሲላት አዲስ መኪና እንግዛልሽ ብንላት አሻፈረኝ አለች። ስለዚህ መርካቶ ወርደን ትንሽ ሞተር ገዝተን ገጠምንላት። ግማሽ ቀን ፈጀብን፤ እሱም አንዴ ተሳስተን ነው።

እንዲህ የቀለለው በእኛ ጉብዝና አይደለም። የስፌት መኪና ጉልበት የምትቀበለው በአንድ በር ብቻ ነው፤ በስተቀኝ ባለችው በእጅ በምትዞረው ጎማ። ጎማዋ አንዴ ስትዞር መርፌው ወርዶ ይወጣል፣ የታችኛው ክር ከላይኛው ይጠላለፋል፣ ጨርቁም አንድ እርምጃ ይራመዳል። አንድ ዙር፣ አንድ ስፌት። ያዞራት እጅ ይሁን እግር ወይም መብራት፣ ለመኪናዋ ሁሉም አንድ ነው። ሲንጀር ኩባንያ ራሱ የኤሌክትሪክ መኪና ለገበያ ያወጣው በፈረንጆቹ 1889 ነበርና ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም።

ጥበቡ ያለው መሃል ላይ ነው። እግር ብርቱ ነው፣ ግን ዝግተኛ ነው። ስለዚህ ከታች ያለው ትልቁ ጎማ ከላይኛዋ ትንሽ ጎማ ጋር በጠፍር ይያያዛል። የታችኛው ስፋት 30 ሳንቲ ሜትር፣ የላይኛዋ 7.5 ቢሆን፣ አንድ ርግጫ አራት ስፌት ይሰጣል። በደቂቃ መቶ ጊዜ የረገጠ ሰው 400 ስፌት አገኘ ማለት ነው።

የሞተር ጠባይ ተቃራኒው ነው። 100 ዋት የማይሞላ ሞተር በደቂቃ 7,000 ጊዜ ሊሽከረከር ይችላል፤ ዘንጉን ግን በሁለት ጣት ይዘህ ልታዘገየው ትችላለህ። ፈጣን ነው፣ አቅም የለውም። ስለዚህ አሁን ትንሿ ፑሊ ሞተሩ ላይ ትሆናለች፣ ትልቋ መኪናዋ ላይ። ሰባት ለአንድ ቢሆኑ ፍጥነቱ ወደ 1,000 ይወርዳል፣ የማዞር ኃይሉ ደግሞ ሰባት እጥፍ ያህል ያድጋል። ለእግር ፍጥነት የጨመርንበት ሒሳብ፣ ለሞተር ፍጥነት ሸጠን ጉልበት የምንገዛበት ይሆናል። እኔ በበኩሌ ከጠቅላላው ሥራ የወደድኩት ይህን ነው።

ስህተታችን? የጎማዋ አናት ወደ ሰፊው መዞር አለበት። መጀመሪያ የገዛነው ሞተር ወደ ኋላ ያዞር ነበር፤ ክሩ እንደ ወፍ ጎጆ ተተበተበ። ተመልሰን ቀየርነው።

ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣ ሞተርም አለ። እሱ የተሠራው ለ120 ቮልት ነው። በቀጥታ የእኛ 220 ላይ ከሰካኸው ሙቀቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆንበታል፤ በጭስ ይሰናበታል። ትራንስፎርመር የግድ ነው። ሌላም አለ፦ የመኪናዋ እግር ሙሉ በሙሉ ብረት ነው፣ ሰፊው ደግሞ ብዙ ጊዜ ባዶ እግሩን ነው። ሽቦው ተፍቆ ብረቱን ከነካ አደጋው ቀላል ስላልሆነ ብረቱን ከመሬት መስመር ጋር አገናኘነው።

አዲሷ ፔዳል ወደ ሞተሩ የሚደርሰውን ኤሌክትሪክ የምትመጥን ናት። በስሱ ስትረገጥ ሞተሩ እያጉረመረመ ላይነሳ ይችላል፤ ያኔ ጎማዋን በእጅ ትንሽ መግፋት ነው። እንዲያ አጉረምርሞ እንዲቆይ መተው ግን ፔዳሏንም ሞተሩንም ያግላል። ፍጥነቱ ሲጨምር ዘይትም ቶሎ ቶሎ ትጠይቃለች፤ የስፌት መኪና ዘይት እንጂ የወጥ ዘይት አይሆንም፣ ደርቆ እንደ ሙጫ ይይዛታል።

የልብስ ፋብሪካዎችም የራሳቸው ለውጥ አላቸው። የድሮው ሞተር ሰፊዋ ጨርቅ ስታስተካክልም ዝም ብሎ ይሽከረከራል፤ በቦታው የሚገባው ሰርቮ የሚባለው ሞተር ግን ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ ይዞራል። መኪናው ያው ነው፣ የመብራት ሒሳቡ ይቀንሳል።

የቆዳውን ጠፍር ልንጥለው ስንል አክስቴ ነጥቃ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። መብራት ሲጠፋ የሞተሩን ቺንጋ አውልቃ ጠፍሯን ትመልሳለች፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅባትም። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ መርገጥ ነው። ሐኪሙ የት ያያታል።