ከመዝራት በፊት የሚሰጥ ቃል

በ2020 የጸደይ ወራት (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ ምግብ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ አይዳሆ ላይ ሽንኩርት ጉድጓድ ተቆፍሮለት ተቀበረ፤ ዊስከንሰን ላይ ወተት ተደፋ። በዚያው ሰሞን ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ ውስጥ 10,000 ያህል ቤተሰቦች በአንድ ቀን በመኪና ተሰልፈው ከምግብ ባንክ የሚታደላቸውን ይጠብቁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያው ጥያቄ ይመላለሳል፦ እዚህ እየተጣለ፣ እዚያ እየተራበ፣ ሁለቱን ማገናኘት ለምን አቃተ?

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ማጓጓዣና ማቀዝቀዣ ነው። እውነትነት አለው። ጠዋት ከነጤዛው የተቆረጠ ጎመን የማሳውን ሙቀት ይዞ ይወጣል፤ ቶሎ በቀዝቃዛ ውኃ ተነክሮ ካልበረደ በማግስቱ ይጠወልጋል፣ ትንሽ ቆይቶም ቢጫ ይሆናል። የሚረከበው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ያለ፣ በሳምንት አንድ ቀን የሚከፈት፣ ከአንድ የቤት ፍሪጅ በቀር ሌላ የሌለው ማከፋፈያ ነው። ስለዚህ ድንችና የታሸገ በቆሎ ይበዛል፤ ጎመን ይጠፋል። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እናቶቻችንና አባቶቻችን ከሁሉ አስቀድመው አብስለው የሚበሉት ግን ጎመኑን ነበር።

ፍሪጅ ግን በገንዘብ ይገዛል። እኔ ተገቢውን ትኩረት አላገኘም የምለው ምክንያት ሌላ ነው፤ ገበሬው ገዢ እንዳለው የሚያውቅበት ጊዜ። ጆን ቫን ሄንግል በ1967 ፊኒክስ፣ አሪዞና ውስጥ የመጀመሪያውን የምግብ ባንክ ሲያቋቁም አሠራሩ የቆመው በተራፊ ላይ ነበር። ተራፊ ለፋብሪካና ለሱፐርማርኬት ይሠራል፤ ዕቃው ተመርቶ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሏል። ማሳ ላይ የቀረ ቲማቲም ግን እስኪለቀም ድረስ ምግብ አይባልም። ለለቃሚ፣ ለካርቶን፣ ለነዳጅ ይከፈላል። የገበያው ዋጋ ከመልቀሚያው በታች ሲወርድ፣ ለግሱ ማለት በኪሳራ ላይ ሌላ ኪሳራ ጨምሩ ማለት ነው። ለሚለግስ ገበሬ የግብር ቅናሽ በሕግ ተፈቅዷል፤ በዓመቱ መጨረሻ ትርፍ ለሌለው ሰው ግን ከምን ላይ ይቀነስለታል?

መንግሥትም ለምግብ ባንኮች ይገዛል። ቴፋፕ በሚባለው ነባር ፕሮግራም ግብርና ሚኒስቴሩ በጨረታ የሚገዛው በሙሉ የጭነት መኪና ነው፤ አንዱ ጭነት 18,000 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ትንሽ ማሳ ያለው ገበሬ ለዚያ ጨረታ ሰነድ እንኳ አያነሣም።

በ2021 መጨረሻ ይፋ የሆነው የአካባቢ ምግብ ግዢ ድጋፍ፣ በምህጻሩ ኤልኤፍፒኤ፣ ይህን ቀየረ። ክፍለ ግዛቶችና የነባር ሕዝቦች አስተዳደሮች ገንዘቡን ተቀብለው፣ ከግዛታቸው ወይም ከ400 ማይል ርቀት ውስጥ ከሚያመርቱ ገበሬዎች ይገዙና ለምግብ ባንክ ይሰጡ ነበር። ከገበያ ርቀው ለኖሩ ገበሬዎች ቅድሚያ እንዲሰጥም ታስቦ ነበር። ሲወራ ብዙ የተወደሰው የገንዘቡ መጠን ነው፤ በእኔ ዓይን ትልቁ ነገር ግን ገበሬው በብርዱ ወራት ቁጭ ብሎ «በሴፕቴምበር ይህን ያህል ዱባ የሚወስድልኝ አለ» ማለት መቻሉ ነው። ያን የሚል ሰው ተጨማሪ ማሳ ይከራያል፣ ማቀዝቀዣ ክፍል ይሠራል፣ ሠራተኛ ይቀጥራል።

በማርች 2025 ሚኒስቴሩ ለቀጣዩ ዙር የታሰበውን 420 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሰረዘ፤ ትምህርት ቤቶች ከአካባቢያቸው እንዲገዙ የተመደበው 660 ሚሊዮን ገደማም አብሮ ቀረ። ወሩን ልብ ይሏል። ዘር የሚታዘዘው በዲሴምበርና በጃንዋሪ ነው። በማርች የሽንኩርቱ ችግኝ በቅሏል፣ የቲማቲሙም በግሪን ሃውስ ውስጥ ብቅ ብሏል፣ ብድሩ ተወስዷል። በኦክቶበር ቢሰረዝ ገበሬው ዕቅዱን ይቀንስ ነበር፤ በማርች ሲሰረዝ ግን ያወጣው ወጪ ዕዳ ሆኖበት ይቀራል። ከሁሉ የሚያሳስበኝም ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው፤ አንድ ጊዜ የተከዳ ገበሬ ቀጣዩ ፕሮግራም ቢመጣ በቃሉ ተማምኖ ማሳውን አያሰፋም።

ሚኒስቴሩ ፕሮግራሙ የወረርሽኝ ጊዜ እንደነበረና ወደ ነባሮቹ እንደሚመለስ ተናግሯል። የምግብ ባንክ ሰዎችም ራሳቸው የሚያነሡት ከባድ ጥያቄ አለ፦ በአንድ ዶላር ከጅምላ ሻጭ ብዙ ሩዝ ይገዛል፣ ከጎረቤት ገበሬ ጥቂት እስር ጎመን። የሚጠብቀው ሰው ብዙ ሲሆን የቱ ይቀድማል? ይህን ማጣጣል አይገባም። ሆኖም ሩዙ የሚቆጠረው በኪሎ ብቻ ነው፤ ስኳርና ደም ግፊት ያለበት ተረጂ ከምግቡ የሚያገኘው ጥቅም በሚዛን አይገባም። ነባሮቹ ፕሮግራሞች የሚባሉትም ትንሹን ገበሬ ከበር የመለሱት ናቸው።

አስቀድሞ የሚሰጥ ቃል ያለው ኃይል በአገራችንም ታይቷል። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በ2008 በጀመረው የግዢ ፕሮጀክት፣ የኢትዮጵያ የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች በቆሎው ሳይሰበሰብ የሽያጭ ውል ፈረሙ፤ ውሉን ለባንክ መያዣ አድርገው ተበደሩ፤ በብድሩም የአባሎቻቸውን እህል ገዙ። ዋጋ ሲንር ውል የሚያፈርስ አልጠፋም። ነገር ግን ባንክ ለአንድ ወረቀት ገንዘብ የሚሰጠው፣ ወረቀቱን የፈረመው ገዢ እንደማይሸሽ ሲያምን ነው።

አሁን አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ክፍተቱን በራሳቸው ገንዘብ ለመሙላት ይሞክራሉ። ኒውዮርክ በ2020 ለምግብ ባንኮች የጀመረችውን ግዢ በማግስቱ ዓመት በሕግ ቋሚ አደረገችው። ፔንሲልቫኒያ ከ2015 ጀምሮ በጀት የተመደበለት ፕሮግራም አላት፤ ገበሬው ትርፍ ምርቱን ለምግብ ባንክ ሲያቀርብ የመልቀሚያውንና የማሸጊያውን ወጪ ይሸፍንለታል። ችግሩ የበጀት ዓመቱ ነው። የኒውዮርክ በኤፕሪል፣ የፔንሲልቫኒያ በጁላይ፣ የፌዴራሉ በኦክቶበር ይጀምራል፤ ዘር ከሚታዘዝበት ወር ጋር የሚገጥም የለም። በ2025 የፔንሲልቫኒያ በጀት የተፈረመው በኖቬምበር ነበር፤ የዚያ ዓመት ቲማቲም ተለቅሞ ካለቀ በኋላ።