ቦሁሚል ቫኛና የአገሩ ስም

የሰው ልጅ ስሙን የሚያስጠራበት ሥራ በስፋቱ ወይም በክብደቱ ብቻ የሚለካ አይደለም። ርዝመቱ 2 ሜትር ከ74 ሳንቲ ሜትር፥ ወርዱ 1 ሜትር ከ52 ሳንቲ ሜትር ተኩል በሆነ ጠረጴዛ ላይ፥ ከእንቁላል ያነሰች ቀላል ኳስ በእንጨት መምቻ እየመቱ መጫወት፥ ላላወቀው ሰው የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን በዚህ ጨዋታ ምክንያት የአንዲት ትንሽ አገር ስም በዓለም ፊት ከፍ ብሎ ሲጠራ ታይቷል። አገሪቱ ቼኮስሎቫክያ፥ ስሟን ካስጠሩት ልጆቿም አንዱ ቦሁሚል ቫኛ ነው።

የጠረጴዛ ቴኒስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በእንግሊዝ አገር ከራት በኋላ በየቤቱ የሚዝናኑበት ጨዋታ ነበረ። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1926 ዓመት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የዓለም ማኅበር ተቋቋመለትና በዚያው ዓመት የመጀመሪያው የዓለም ውድድር በሎንዶን ተደረገ። ለወንዶች ቡድን የሚሰጠውን ዋንጫ ያበረከቱት ሌዲ ስዌይትሊንግ የተባሉ እንግሊዛዊት እመቤት ስለ ሆኑ፥ ዋንጫው በስማቸው ተጠራ። በመጀመሪያዎቹ ዓመቶች ይህን ዋንጫ አብዛኛውን ጊዜ የሚወስዱት የሃንጋሪ ሰዎች ነበሩ፤ ቼኮስሎቫክያ ግን በ1932 አንድ ጊዜ ወሰደችባቸው።

ቫኛ የተወለደው በጥር ወር 1920 ዓመት ነው። ብላቴና ሳለ ጨዋታው ወደ መከላከል ብቻ አዘንብሎ ነበር። በ1936 በፕራግ በተደረገው የዓለም ውድድር ሁለት ተጫዋቾች ማጥቃትን ትተው ኳሷን በመመለስ ብቻ ስለ ጸኑ፥ አንዲት ነጥብ ለመቁጠር ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀ። ተመልካቹም ተሰላቸ። ከዚህ በኋላ የማኅበሩ ሹማምንት ለጨዋታው የጊዜ ወሰን አደረጉ፤ መረቡንም ዝቅ አደረጉት። መረቡ ዝቅ ሲል ፈጥኖ ለሚያጠቃ ሰው መንገድ ተከፈተለት፤ ቫኛም በፍጥነቱና በብርቱ ምቱ የታወቀ አጥቂ ነበርና ዘመኑ ደረሰለት።

በ1937 በኦስትርያ ከተማ በባደን፥ ወንድና ሴት አንድነት በሚጫወቱበት የጥንድ ውድድር ከአገሩ ልጅ ከቬራ ቮትሩብኮቫ ጋራ ሆኖ አሸነፈ። በ1938 መጀመሪያ በሎንዶን የነጠላው ውድድር የመጨረሻ ግጥሚያ ላይ የገጠመው፥ ያለፈውን ዓመት አሸናፊ የቪየናውን ልጅ ሪቻርድ በርግማንን ነው። በርግማን በመከላከል ጥበቡ አቻ ያልነበረው ሰው ነበር፤ ቢሆንም ቫኛ አሸነፈውና በ18 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ከዚህ በኋላ ግን የሁለቱም ወጣቶች ሕይወት ከጠረጴዛው በራቀ ኃይል ተናወጠ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ጀርመን ኦስትርያን ያዘች፤ በርግማንም አይሁዳዊ ስለ ነበረ ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደደ። በመስከረም ወር ደግሞ በሙኒክ በተደረገው ስምምነት የቼኮስሎቫክያ ዳር ድንበር ተቆርሶ ለጀርመን ተሰጠ። በ1939 በመጋቢት ወር የዓለም ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ከኤውሮፓ ወጥቶ በምስር ዋና ከተማ በካይሮ ሲደረግ፥ የቼኮስሎቫክያ ወንዶች የስዌይትሊንግን ዋንጫ ወሰዱ፤ ቫኛም ከቮትሩብኮቫ ጋራ እንደገና አሸነፈ። ይህ ደስታ ሳምንት እንኳ ሳይሞላው በመጋቢት 15 ቀን የጀርመን ጦር ፕራግ ገባ። ዋንጫ ያሸነፈችው አገር ዋንጫውን የምታኖርበት ነጻ ቤት አጣች።

ከ1940 እስከ 1946 የዓለም ውድድር አልተደረገም። ቫኛ በካይሮ ሲያሸንፍ የ19 ዓመት ወጣት ነበረ፤ ለሚቀጥለው የዓለም ውድድር ሲቀርብ ግን 27 ዓመት ሆኖት ነበር። ዓይን የሚፈጥንበት፥ እጅ የሚታዘዝበት፥ እግርም የማይደክምበት የዕድሜው ምርጥ ክፍል በጦርነት ተወሰደበት። ብዙዎች ከዚህ በኋላ ስሙ አይነሣም ቢሉ ባልተፈረደባቸው ነበር። ይሁን እንጂ በ1947 በፓሪስ ውድድሩ እንደገና ሲጀመር፥ ቫኛ ከቡድኑ ጋራ ዋንጫውን፥ ከአዶልፍ ሽላር ጋራ የጥንዱን ውድድር፥ ብቻውንም የሃንጋሪውን ፈረንጽ ሺዶን ድል አድርጎ የነጠላውን ሻምፒዮንነት ወሰደ። ከመጀመሪያው ዘውዱ እስከ ሁለተኛው ዘጠኝ ዓመት ሆነ።

በ1948 በየካቲት ወር መጀመሪያ በሎንዶን በተደረገው ውድድር ቼኮስሎቫክያ ዋንጫዋን አጸናች። በነጠላው ግን በርግማን ለእንግሊዝ ተሰልፎ፥ ከአሥር ዓመት በፊት በተሸነፈበት ከተማ ቫኛን አሸነፈው። የ1938ቱ ነገር በሌላ መልክ ተመለሰ፤ ያ ወር ሳያልቅ በፕራግ የኮሙኒስት ፓርቲ ሥልጣኑን ሁሉ ጨብጦ ነበርና። በ1949 በስቶክሆልም ደግሞ እንግሊዛዊው ጆኒ ሊች በመጨረሻው ግጥሚያ ረታው። ሁለት ዓመት በተከታታይ ከጫፍ ደርሶ መውደቅ ልብ የሚሰብር ነገር ነው፤ ቫኛ ግን መምቻውን አልጣለም። በ1950 ከቡድኑ ጋራ እንደገና ዋንጫውን አነሣ። በ1951 በቪየና የቡድኑን ዋንጫ፥ ከኢቫን አንድሬያዲስ ጋራ የወንዶቹን ጥንድ፥ ከሮማንያዊቷ ከአንጄሊካ ሮዜያኑ ጋራም የወንድና ሴቱን ጥንድ አሸነፈ። ሮዜያኑም አይሁዳዊት በመሆኗ በጦርነቱ ዘመን በአገሯ እንዳትጫወት ተከልክላ የኖረች ሴት ነበረች።

ቫኛ ከ1935 እስከ 1955 ባሉት ዓመቶች በዓለም ውድድር ያገኘው ሜዳይ 30 ሲሆን፥ ከነዚህ 13ቱ የወርቅ ናቸው። አስተዋይ ሰው ይህን ቁጥር ከፍሎ ሊያየው ይገባል። ከ13ቱ ብቻውን ያገኛቸው ሁለቱን ነው፤ አምስቱ የቡድን፥ ሦስቱ የወንዶች ጥንድ፥ ሦስቱ የወንድና ሴት ጥንድ ናቸው። ስለዚህ 11ዱን የተካፈለው ከባልንጀሮቹ ጋራ ነው። በጥንድ ጨዋታ ኳሷን ተራ በተራ እንጂ አንድ ሰው ደጋግሞ አይመታም፤ የራሱን ምት ከጨረሰ በኋላ ፈጥኖ ለባልንጀራው ቦታ የማይለቅ ሰው፥ ምንም ብርቱ ቢሆን ጥንዱን ያስሸንፋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህም ይሆናል። ክብሩን ለብቻው ለማድረግ የሚሻ ሹም ወይም ሠራተኛ ከዚህ የሚማረው አለው።

ቼኮስሎቫክያ ከ1951 በኋላ የስዌይትሊንግን ዋንጫ አላገኘችም። በ1952 በቦምባይ አንድ የጃፓን ሰው በስፖንጅ የተለበጠ መምቻ ይዞ ሲያሸንፍ የጨዋታው ዘመን ተለወጠ፤ ኃይሉም ወደ እስያ አለፈ። ቫኛ በ1989 ዓመት በ69 ዓመቱ አረፈ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በ1948 ሥልጣን የያዘው የአንድ ፓርቲ አገዛዝ ወደቀ፤ በ1993 መባቻም አገሪቱ ራሷ በስምምነት ለሁለት ተከፍላ ቼኮስሎቫክያ የሚለው ስም ከካርታ ላይ ጠፋ።

ጨዋታ አገርን ከወራሪ ጦር አያድንም፤ የካይሮው ዋንጫ ፕራግን አላዳነም። ነገር ግን ወራሪ ከተማን ሲይዝ በሰው እጅና ልቡና ውስጥ ያለውን ጥበብ ሊወርስ አይችልም። የተያዘችውም፥ የተከፈለችውም አገር ስም በአሸናፊዎች መዝገብ ላይ ከ1939 በኋላ በ1947፥ በ1948፥ በ1950ና በ1951 ተጽፎ ይኖራል። ይህን ያጻፉት ከስምንት ዓመት ዝምታ በኋላ ተመልሰው ከጠረጴዛው ፊት የቆሙ ሰዎች ናቸው።