«ጥንቅቅ» የሚለው ቃል ትርጉምና አገባብ

«ጥንቅቅ» የሚለው ቃል በዕለት ተዕለት ንግግራችን ደጋግሞ ይሰማል። ስለ ልብስ፣ ስለ ቤት አያያዝ፣ ስለ እጅ ጽሕፈት፣ ስለ ዕውቀትም ይነገራል። ይሁን እንጂ ብዙ ተማሪዎች ይህን ቃል «ንጹሕ» ወይም «ጽዱ» ከሚሉት ቃላት ጋር አንድ አድርገው ይጠቀሙበታል። ሦስቱ ቢቀራረቡም እኩያ አይደሉም።

የቃሉ ሥር ጠ - ነ - ቀ - ቀ የሚሉት አራት ተነባቢዎች ናቸው። ከዚሁ ሥር «ተጠነቀቀ»፣ «ጥንቃቄ»፣ «ጥንቁቅ» እና «አጠናቀቀ» የሚሉት ቃላት ይወጣሉ። «ተጠነቀቀ» ማለት ስሕተት ወይም ጉዳት እንዳይደርስ አስቀድሞ አሰበ ማለት ነው። «አጠናቀቀ» ደግሞ የተጀመረውን ከፍጻሜ አደረሰ ማለት ነው። ሁለቱን አሳቦች ብናጣምር የ«ጥንቅቅ»ን ትርጉም እናገኛለን፤ ጥንቅቅ ያለ ነገር በጥንቃቄ ተጀምሮ፣ ጉድለት ሳይቀርበት እስከ መጨረሻው የተሠራ ነገር ነው።

ቃሉ ብቻውን እንደ ግሥ አይረባም። «አለ» ወይም «አደረገ» የሚለውን ረዳት ይፈልጋል፤ እርባታውም የሚታየው በረዳቱ ላይ ነው። ሲነበብ የመጨረሻው «ቅ» ይጠብቃል። የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች አስተውሉ።

ሀ/ ሙሽራዋ ጥንቅቅ ብላ ለብሳለች።
ለ/ አናጢው መዝጊያውን ጥንቅቅ አድርጎ ገጠመው።
ሐ/ ጸሐፊው ጥንቅቅ ያለ ቃለ ጉባኤ ያዘ።
መ/ ልጅቱ ዜማውን ጥንቅቅ አድርጋ ታውቀዋለች።

በ«ሀ» እና በ«ሐ» «አለ» የገባው የባለቤቱን ወይም የነገሩን ሁኔታ ለመግለጽ ነው። በ«ለ» እና በ«መ» ግን ድርጊቱ ወደ ሌላ ነገር ስለሚሻገር «አደረገ» ገብቷል። በ«መ» ፈንታ «ዜማውን ንጹሕ አድርጋ ታውቀዋለች» ብንል አሳቡ ይበላሻል፤ ዕውቀት የሚጎድለው ማጠብ ሳይሆን መሙላት ነውና።

«ጥንቁቅ» እና «ጥንቅቅ»ንም አታምታቱ። «ጥንቁቅ» የሰውን ጠባይ፣ «ጥንቅቅ ያለ» ግን የጥንቃቄውን ውጤት ይገልጻል። ጥንቁቅ አናጢ ጥንቅቅ ያለ በር ይሠራል።

አሁን ወደ ልዩነቱ እንመለስ። ምንም ያልተጻፈበት አዲስ ደብተር ንጹሕ ነው፤ ጥንቅቅ ያለ ግን አይባልም፤ የተደከመበት ሥራ የለበትምና። ክርኑ ላይ የተጣፈ፣ ነገር ግን ታጥቦ የተተኮሰ የደንብ ልብስ የለበሰ ተማሪ አለባበሱ ጥንቅቅ ያለ ነው። ውድ ልብስ ለብሶ ቁልፉን አዛንፎ የቆለፈው ግን የቃሉ ተቃራኒ በሆነው «ዝርክርክ» ይጠራል። ስለዚህ ቃሉ የሚመዝነው ሀብትን ሳይሆን ትጋትን ነው፤ ድኻም ሀብታምም እኩል ሊመሰገንበት ይችላል።

ለዚህ ከቋንቋችን ታሪክ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተረክበው አስፋፉት። እሳቸውም መጽሐፉ ሳይታተም ስላረፉ፣ ተማሪያቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ሥራውን ፈጽመው በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። ሦስት ሊቃውንት እየተቀባበሉ የደከሙበት ይህ ሥራ፣ ጥንቃቄና ማጠናቀቅ ከአንድ ሥር መውጣታቸውን በተግባር ያስረዳል።

በድርሰት ጽሕፈትም ነገሩ እንዲሁ ነው። ፊደሉ ያማረ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለበት ወረቀት ንጹሕ ነው። አንቀጾቹ ካልተያያዙ፣ ባለቤትና ማሰሪያ አንቀጽ ካልተስማሙ ግን ጥንቅቅ ያለ ድርሰት ሊባል አይችልም። ስለዚህ ጽፋችሁ እንደ ጨረሳችሁ ብዕሩን ወዲያው አታስቀምጡ፤ ከመጀመሪያው ጀምራችሁ አንብቡና የጎደለውን ሙሉ።

መልመጃ

1. «ንጹሕ»፣ «ጥንቁቅ» እና «ጥንቅቅ ያለ» የሚሉትን በየራሳቸው ዐረፍተ ነገር አስገቡ።
2. «ንጹሕ ነው፤ ጥንቅቅ ያለ ግን አይደለም» ልትሉት የምትችሉትን አንድ ነገር ከአካባቢያችሁ መርጣችሁ፣ ምክንያቱን በአንድ አንቀጽ አስረዱ።