ሳይታረም የከረመ ደብተር

በኢትዮጵያ የምንኖር ሙስሊሞች ዓመት ሁለት ጊዜ ይዘጋብናል፤ አንዱ በጳጉሜን፣ ሌላው በዙልሒጃ። የሒጅራው ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ ከፀሐዩ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያንሳል፤ እናም በየዓመቱ ወደፊት እየቀደመ ይመጣል። በ2017 ዓ.ል. አጋጣሚ ሆነና 1446 ዓመተ ሒጅራ የተጠናቀቀው በሰኔ ወር፣ ተማሪዎቻችን ካርድ በሚቀበሉበት ሰሞን ነበር። እኔ በአንጋጫ የማስተምር መምህር ነኝ፤ ከዐስር ሶላት በኋላ ደግሞ ልጆችን ቁርኣን አቀራለሁ። የትምህርቱም የሒጅራውም ዓመት ባንድ ወር ሲያልቁ፣ ሙሐሰባ ላድርግ፣ ራሴን ልቁጠር ብዬ አሰብኩ። አሰብኩ እንጂ አላደረግኩም። ሰኔ በሮስተር ሥራ አለቀ፣ ሐምሌና ነሐሴ በዝናብና በጭቃ አለፉ። ቁጭ ያልኩት ጳጉሜን ከገባ በኋላ ነው።

ሙሐሰባ ለነጋዴ ቤተሰብ እንግዳ ነገር አይደለም። ነጋዴ ዓመቱ ሲያልቅ ሱቁን ዘግቶ ቆጠራ ያደርጋል፤ ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ማን ዱቤ ወስዶ ሳይከፍል ቀረ ይላል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሐሽር 18ኛው አንቀጽ ምእመናን ለነገ ያስቀደሙትን እንዲመለከቱ ያዘዘውም ለዚሁ ነው። እኔም ወረቀቱን ለሁለት ከፍዬ በቀኝ በኩል ያተረፍኩትን ጻፍኩ። ሱረቱል ሙልክን በቃሌ ያዝኩ። ዱላ ይዤ ክፍል መግባት ተውኩ። በረመዷን ደግሞ ፕሮቴስታንት የሆነ ባልደረባዬ ለኢፍጧር ቤቴ እንድደርስ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ወር ሙሉ ይዞልኝ ነበርና ይህንንም ከማልረሳቸው ነገሮች መካከል መዘገብኩት። እውነቱን ለመናገር ዝርዝሩ ደስ አለኝ። የግራው ረድፍ ባዶ እንደሆነ ተነስቼ መደርደሪያዬን ማጽዳት ጀመርኩ። አገሩ ሁሉ ለመሳላ ሽር ጉድ ሲል የእኔ ክፍል ብቻ መቆሸሿ አሳፍሮኝ ነበር።

ከአሮጌ የፈተና ወረቀቶች ሥር አንድ ሰማያዊ ደብተር ወጣ። የሒሳብ ደብተር ነው። ባለቤቱ የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ ነበር፤ መድረሳም ይመጣል። ስሙን አልጽፍም።

ነገሩ የሆነው በኅዳር ነው። ልጁ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በኋላ በር ላይ ጠበቀኝ። ያሳለፈውን የቤት ሥራ ሠርቶ አምጥቷል። ደብተሩን እያቀበለኝ «ኡስታዝ፣ ይህን ጨርሼ ምን እሆናለሁ?» አለኝ። እኔ ወደ ሆሳዕና የሚሄደው መኪና እንዳያመልጠኝ እቸኩል ነበር። «ሶብር አድርግ፣ አላህ ያውቃል» አልኩትና ደብተሩን ብብቴ ሥር ወሽቄ ሄድኩ።

ቃሉ ስህተት የለበትም። ሶብር ትልቅ ዒባዳ ነው፤ አላህም ያውቃል። ልጁ የፈለገው ግን አንድ የሚያከብረው ሰው ተቀምጦ እንዲያዋየው ነበር። እኔ የአላህን ስም መገላገያ አደረግኩት። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

በጥር ስም ስጠራ «አቤት» የሚል ጠፋ። ጓደኞቹ አንገታቸውን ደፍተው «ሄደ» አሉኝ። በእኛ አካባቢ «ሄደ» ሲባል ወዴት ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ደቡብ አፍሪካ ነው። ባሕር ዛፉ ተሸጦ፣ በሬው ተጨምሮበት ለደላላ ተከፍሏል።

የዚያ መንገድ ወሬ ለማናችንም አዲስ አይደለም። መጋቢት 15 ቀን 2012 በሞዛምቢክ፣ ቴቴ በምትባለው ግዛት፣ የአንድ መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ሰዎች ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ በሕይወት የወጡት 14 ናቸው። ታኅሣሥ 2 ቀን 2015 ደግሞ በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ ዳርቻ፣ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ የታመነ 27 አስከሬኖች መንገድ ዳር ተጥለው ተገኙ። የሄደ ሁሉ ይሞታል ማለቴ አይደለም። ደርሰው ሱቅ የከፈቱ፣ ለወላጆቻቸው ቤት የሠሩ ብዙ ናቸው፤ ልጆቹም በየቀኑ የሚያዩት ቤቱን ነው። ይህን ሳናምን «አትሂዱ» ብቻ የምንል መምህራን ሰሚ የለንም፤ ባይሰሙንም አልፈርድባቸውም።

እንዲያውም በአካባቢያችን ዓመት የሚቆጠረው በሄደ ሰው እየሆነ ነው። እናት «ልጄ በሄደ በሦስተኛው ዓመት» ብላ ዘመን ትጠቅሳለች። እኛ ሙስሊሞችም ዘመን የምንቆጥረው ከስደት ነው። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) በ17ኛው ዓመተ ሒጅራ ገደማ ሶሐቦችን አማክረው የዘመን መነሻ ያደረጉት የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ልደት ሳይሆን ከመካ ወደ መዲና የተሰደዱበትን ዓመት ነበር። ያ ስደት ግን እንዴት ያለ ስደት ነው? ሲራው እንደሚነግረን መንገድ የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ ተቀጥሯል፤ የአቡበክር ልጅ አስማእ (ረ.ዐ.) ስንቅ አሰናድታለች፤ በሠውር ዋሻ ሦስት ሌሊት ታድሯል። ዐሊይ (ረ.ዐ.) ደግሞ መካ የቀሩት፣ ሰዎች ነቢዩ ዘንድ በአደራ ያስቀመጡትን ንብረት ለየባለቤቱ ለመመለስ ነበር። ሊገድሏቸው የሚፈልጉ ሰዎች በር ላይ ቆመው እንኳ የሰው አማና አልተረሳም።

ይህን ታሪክ ልጆቹን በስንት ሙሐረም አስተምሬያለሁ! የሰው ደብተር ግን መደርደሪያዬ ላይ አሥር ወር ከርሟል።

ያን ማታ ተቀምጬ አረምኩት። አሥር ጥያቄ ነበር፤ ሰባቱን አግኝቷል። ስምንተኛው ላይ አሠራሩ ደህና ሄዶ ሄዶ መጨረሻ ላይ የመቀነስ ምልክቷን ረስቷታል። በማግስቱ ደብተሩን ይዤ አባቱ ዘንድ ሄድኩ።

እንሰት ጓሮ አገኘኋቸው። ልጁ ምን እንደጠየቀኝና ምን እንደመለስኩለት ሳልደብቅ ነገርኳቸውና «አባቴ፣ ዐፍው ይበሉኝ» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩ። «ሶብር ያልከው አንተ ብቻ ነህ እንዴ ኡስታዝ? እኔም ብዬዋለሁ» አሉኝ። የመጨረሻ ድምፁ ከታንዛኒያ የመጣው በሚያዝያ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስልክ የለም። ደብተሩን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ገለጡት። ማንበብ አይችሉም።

«ስንት አገኘ?»

«ከአሥር ሰባት።»

«ጥሩ ነው?»

«ጥሩ ነው አባቴ።»

ወደ ቤት ይዘውኝ ገቡ። ቡና ቀረበ። 10ኛ ክፍል የምትማረው እህቱ ደብተሩን ከአባቷ እጅ ወስዳ ስታገላብጥ ቆየችና «ኡስታዝ፣ ይሄ ስምንተኛው የቱ ጋ ነው የተሳሳተው?» አለችኝ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ አሳየኋት። ከዚያ ዘጠነኛውን ጠየቀችኝ፤ ከዚያ ከሒሳብ ውጭ የሆነ ነገርም ጠየቀችኝ። ስንጨርስ መግሪብ ደርሶ ነበር።