ወደ ላይ ብቻ የሚወጣ መረጃ፦ የኮሌራ ወረርሽኝና የሕዝብ የማወቅ መብት በኢትዮጵያ

ወረርሽኝ ሲነሣ ሕዝቡ ምን፣ መቼና በማን አንደበት ሊነገረው ይገባል የሚለው ጥያቄ በኢትዮጵያ የጤና አስተዳደር ውስጥ ከአንድ ትውልድ በላይ ሲንከባለል ቆይቷል። ጥያቄው የመረጃ ፖሊሲን፣ ማለትም መንግሥት በእጁ ካለው መረጃ የትኛውን እንደሚገልጽ፣ የትኛውን እንደሚይዝና ውሳኔውንም በማን ፊት እንደሚያስረዳ የሚደነግገውን ሥርዓት ይነካል፤ ዜጎች ዜና ተቀባይ ብቻ ሳይሆኑ ጠያቂና ተናጋሪ የሚሆኑበትን የመገናኛ ብዙኃን ዴሞክራሲም ይነካል። ሁለቱ ሲጓደሉ ዕዳው የሚወድቀው በአንድ ቀበሌ ምንጭ ወይም ጉድጓድ ዙሪያ በሚኖሩ ሰዎች ላይ በመሆኑ የጥያቄው መድረሻ የማኅበረሰብ ጤና ነው። እነዚህ ጉዳዮች እንደ ኮሌራ ፊት ለፊት የተገናኙበት ሌላ በሽታ ማግኘት ያስቸግራል።

ኮሌራ በተበከለ ውኃና ምግብ አማካይነት የሚተላለፍ፣ ቪብሪዮ ኮሌሬ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣ የአንጀት በሽታ ነው። ምልክቱ የተበከለው ነገር ወደ ሰውነት ከገባ ከ12 ሰዓት እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሚታይ ሲሆን፣ በብርቱ የታመመ ሰው ሕክምና ካላገኘ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ የወጣው ፈሳሽ በወቅቱ ከተተካለት ግን ከመቶ ታማሚዎች አንዱ እንኳ አይሞትም። ይህን ያህል የሰፋ ልዩነት የሚፈጥረው ውድ መድኃኒት አይደለም፤ የትኛው ውኃ እንደተበከለ ማወቅ፣ ውኃውን አፍልቶ ወይም እንደ «ውኃ አጋር» ባለ ማከሚያ አክሞ መጠጣት፣ ተቅማጡ እንደጀመረም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መድረስ ነው። ሦስቱም አስቀድሞ የሚነገር ነገር ይጠይቃሉ።

በ1998 ዓ.ም. ከጋምቤላ የተነሣው ወረርሽኝ በርካታ ክልሎችን ሲያዳርስ፣ በመግለጫዎችና በዜና የተጠራው «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት»፣ ባጭሩ «አተት» ተብሎ ነበር። ስያሜው ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ምልክትን እንጂ መንሥኤን አይናገርም። በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በብዙ ቦታዎች የተቀሰቀሰው ወረርሽኝም በዚሁ ስም ተጠራ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የአገሪቱ የጤና ባለሙያዎች የሚሠሩበት የኅብረተሰብ ጤና አደጋዎች አያያዝ መመሪያ በሽታውን በሌላ ስም አለመጥራቱ ነው። መመሪያው ወዲያውኑ ሪፖርት መደረግ ካለባቸው በሽታዎች መካከል «ኮሌራ»ን በስሙ አስፍሮታል፤ ጥርጣሬ የያዘው ጤና ኬላ ለጤና ጣቢያ፣ ጤና ጣቢያው ለወረዳ፣ ወረዳው ለበላዩ በ30 ደቂቃ ውስጥ እንዲያሳውቅም ያዝዛል። አንዱ በሽታ ወደ ላይ ሲሄድ በስሙ፣ ወደ ሕዝቡ ሲወርድ ደግሞ በምልክቱ እየተጠራ ለዓመታት ኖረ።

ባለሥልጣናቱ ለዚህ ያቀርቡት የነበረው ምክንያት ያለ ማስተዋል ሊጣል አይገባውም። ሕክምናው ያው ነው፤ ቤተ ሙከራ የሌለው ወረዳ የእያንዳንዱን ታማሚ ናሙና ማረጋገጥ አይችልም፤ ስሙ ቢነገርም ባይነገርም የሚደረገው እርዳታ አይለወጥም የሚል ነበር። ከዚህ ጀርባ ያልተነገረ፣ ግን መሠረት ያለው የኢኮኖሚ ሥጋት አለ። ፔሩ በ1991 እ.ኤ.አ. ኮሌራ እንደገባባት ካሳወቀች በኋላ የዓሣና የግብርና ምርት ንግዷና ቱሪዝሟ ክፉኛ ተጎድቷል፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ1997 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በኮሌራ ምክንያት ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንዛንያና ከሞዛምቢክ ትኩስ ዓሣ እንዳይገባ አግዶ ነበር። እውነቱን የተናገረ አገር የሚቀጣበት የዓለም ንግድ ዝምታን ትርፋማ ያደርጋል፤ በመሆኑም ወቀሳው ለአዲስ አበባ ብቻ የሚተው አይደለም።

ዓለም አቀፉ ሕግ ይህንን ችግር ያውቀዋል። በቀድሞው የዓለም አቀፍ የጤና ደንብ ኮሌራ አገሮች የግድ ከሚያሳውቋቸው ጥቂት በሽታዎች አንዱ ቢሆንም፣ ብዙዎቹ ዝም ይሉ ስለነበር የዓለም ጤና ድርጅት በ1970 እ.ኤ.አ. በጊኒ የገባውን ኮሌራ የአገሪቱ መንግሥት ሳያሳውቅ ራሱ ይፋ እስከ ማድረግ ደርሶ ነበር። ሰኔ 8 ቀን 1999 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ደንብ ደግሞ አሠራሩን ለውጦ፣ ዓለም አቀፍ ሥጋት ሊሆን የሚችል ማናቸውም ክስተት ከተገመገመ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲገለጽ አዘዘ፤ ድርጅቱም ከመንግሥት ሪፖርት ውጭ የሆኑ ምንጮችን፣ የመገናኛ ብዙኃን ዘገባዎችን ጭምር እንዲጠቀም ፈቀደ። ጋዜጠኛ በዓለም አቀፍ የጤና ቅኝት ውስጥ እውቅና ያገኘው ያኔ ነው ማለት ይቻላል።

ጉዳዩ የዓለምን ጆሮ ያገኘው በ2009 ዓ.ም. ነው። ከ1998 እስከ 2005 ዓ.ም. የጤና ጥበቃ ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ለዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተርነት ሲወዳደሩ፣ የተፎካካሪያቸው የዴቪድ ናባሮ አማካሪ የነበሩት የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ምሁር ሎውረንስ ጎስቲን በሥልጣን ዘመናቸው የኮሌራ ወረርሽኞች ተሸፋፍነዋል ሲሉ ከሰሱ። ዶክተር ቴድሮስ ክሱ በመጨረሻው ሰዓት የተወረወረ ስም ማጥፋት ነው ብለው አስተባበሉ፤ ግንቦት 15 ቀን 2009 ዓ.ም. በጄኔቫ በተሰጠ ድምፅም 133 ለ50 አሸነፉ። ክርክሩ በምርጫ ትኩሳት ውስጥ መነሣቱ ጎዳው፤ ደጋፊዎቻቸው እንደ አገር ክብር፣ ተቃዋሚዎቻቸው እንደ ፖለቲካ መሣሪያ ያዙትና ዋናው ጥያቄ፣ ማለትም በጋምቤላ ወይም በባሌ የሚኖር ሰው ምን ሊነገረው ይገባ ነበር የሚለው፣ ሳይመለስ ቀረ።

የስያሜው ጉዳይ ተግባራዊ ውጤት እንዳለው በግልጽ የታየው በክትባት ነው። በአፍ የሚሰጠው የኮሌራ ክትባት ዓለም አቀፍ ክምችት የተቋቋመው በ2013 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከክምችቱ የሚጠይቅ አገር የኮሌራ ወረርሽኝ እንዳለበት ማሳየት አለበት፤ ለአተት የሚሰጥ ክትባት የለም። ኢትዮጵያ በሽታውን በይፋ በስሙ የጠራችው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ በወቅቱ የጤና ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር አሚር አማን የሟቾችን ቁጥር በሽታውን «ኮሌራ» ብለው ጠርተው አስታወቁ፣ በዚያው ዓመትም የክትባት ዘመቻ ተካሄደ። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ እስከ 2028 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ የኮሌራ ማጥፊያ ዕቅድ አውጥታለች። የተፈራው የንግድ ቁጣ አልደረሰም፤ ስሙን ለመጥራት ይህን ያህል ዓመት መፍጀቱ ያስፈልግ እንደነበር የሚያሳምን ነገር ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ስሙ ቢጠራም ግን ሥር የሰደደው ልማድ አልተነቀለም። የኢትዮጵያ የጤና ተግባቦት ለማስተማር የተሠራ ነው እንጂ ለማሳወቅ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በየቀበሌው ሁለት ሠራተኞችን፣ አብዛኛውን ጊዜ አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁና ለአንድ ዓመት የሠለጠኑ ወጣት ሴቶችን በመመደብ፣ ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚደርስ ሕዝብ በ16 ፓኬጆች ትምህርት እንዲሰጡ አደረገ፤ በመጸዳጃ ቤት፣ በክትባትና በቤተሰብ ዕቅድ ረገድ ያስገኘው ለውጥም የሚካድ አይደለም። በራዲዮ በኩልም ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. የተላለፈው «የቀን ቅኝት» የተባለው ተከታታይ ድራማ በኤች አይ ቪና በቤተሰብ ዕቅድ ላይ ብዙ አስተምሯል። ሁለቱም ግን ሕዝቡን የሚያዩት እንደ ተማሪ ነው። እጅህን ታጠብ ይሉታል፤ በላይኛው ቀበሌ ባለፈው ሳምንት ስንት ሰው እንደታመመና ከየትኛው ምንጭ እንደጠጣ አይነግሩትም። ይህን የምታውቀው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ራሷ ናት፤ ቤት ለቤት ዞራ የመዘገበችውን ቁጥር በ30 ደቂቃ ውስጥ ወደ ላይ ትልካለች፣ ለጎረቤቶቿ በይፋ እንድትናገረው ግን ፈቃድ ከላይ መምጣት አለበት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ዘወትር ለታማሚው የሚነገር ቢሆንም፣ እዚህ ላይ የደበቀው ታማሚው አይደለም።

የዝምታው ልማድ ከእነዚህ የኮሌራ ወረርሽኞችም ይቀድማል። በ1965 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ተጉዘው ያነሷቸውን የረኀብተኞች ፎቶግራፎች በግቢያቸው ለሕዝብ ሲያሳዩ፣ የመንግሥት ጋዜጦች ስለ ረኀቡ ዝም ብለው ነበር። የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ዓለም አወቀ፤ ኢትዮጵያውያን ግን ፊልሙን ያዩት ደርግ ለራሱ ዓላማ አቀናብሮ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ ባሳያቸው ጊዜ ነው። የሕንዱ ኢኮኖሚስት አማርትያ ሴን ነፃ ፕሬስ ባለበት ዴሞክራሲ ትልቅ ረኀብ አይደርስም ለሚለው ታዋቂ ሐሳቡ መነሻ ካደረጋቸው ጥናቶች አንዱ ይኸው የወሎ ረኀብ ነው።

ሕጉ ታዲያ ምን ይላል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድልን የፕሬስ ነፃነት አካል ያደርገዋል። በመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረትም ማንኛውም ሰው ምክንያቱን ሳይገልጽ ከመንግሥት አካል መረጃ መጠየቅ ይችላል፤ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ አፈጻጸሙን የሚከታተለው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው። አዋጁ በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ነገር ግን የመረጃ ጥያቄ የሚቀርብለት ሰው በየመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው መሆኑ፣ የተቋሙን ስም እንዲጠብቅ የተቀጠረው ሰው ስሙን ሊያጎድፍ የሚችለውንም መረጃ እንዲሰጥ ይጠበቅበታል ማለት ነው። ለጋዜጠኛው ደግሞ በወንጀል ሕጉ ስለ ሐሰተኛ ወሬ የተደነገገው አንቀጽ 486 እና በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከፊቱ ተደቅነዋል፤ በዚያው ዓመት በኮቪድ ምክንያት መንግሥት 200,000 መቃብር እንዲዘጋጅ አዝዟል ብሎ የጻፈ አንድ ጋዜጠኛ ታስሮ በዚሁ አዋጅ ተከሷል። ወሬው ስሕተት ሊሆን ይችላል። ሆኖም ትክክለኛውን ቁጥር በወቅቱ የማያገኝ ጋዜጠኛ የተሳሳተውን በመጻፉ በእስር ሲቀጣ፣ ሌሎች የሚማሩት ስለ ወረርሽኝ አለመጻፍን ነው።

ኮቪድ ራሱ በሌላ መንገድም መሄድ እንደሚቻል ማሳየቱን መመስከር ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ወዲያው ይፋ ተደረገ፤ ገና ሹመታቸው ያልደረቀው የወቅቱ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ በየዕለቱ የተመረመሩትን፣ የተያዙትንና የሞቱትን ቁጥር በክልል ለይተው ያሳውቁ ነበር፤ ነፃ የስልክ መስመሮች 8335 እና 952ም በየቤቱ ታወቁ። ሥርዓቱ ከፈለገ ይናገራል። ግን በዚያው ዓመት ከሰኔ 23 ጀምሮ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘጋ፤ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. በኋላም ትግራይ ከመረጃ መረብ ተቆርጣ የክልሉ የጤና ሪፖርት ከሞላ ጎደል ቆመ።

ነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ ዞን ሐረና ቡሉቅ ወረዳ የጀመረው ኮሌራ ከ2 ዓመት በላይ የቆየ ሲሆን፣ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በምዕራብ ጎንደር ቋራ ወረዳ በሚገኘው የበርሜል ጊዮርጊስ ጠበል ቦታም ተቀሰቀሰ። ጠበል ቦታ ለኮሌራ የተመቸ ነው፤ ከሩቅ አገር የመጡ ሰዎች በአንድ ስፍራ ለሳምንታት ተጨናንቀው ይሰነብታሉ፣ ውኃ ይጋራሉ፣ ከዚያም ወደየመጡበት ይበተናሉ። ስለዚህ የበርሜሉ ዜና በቋራ ብቻ ሳይሆን ጠበልተኞቹ በሚመለሱባቸው ቀበሌዎች ሁሉ ሊሰማ ይገባው ነበር። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት የተቋረጠውና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀው በዚያው በሐምሌ ወር መጨረሻ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ብዙም ያልተነገረለት ጉድለት የጊዜ ስሌት ነው። ኮሌራ ምልክቱን እስኪያሳይ የሚወስደው ጊዜ ቢበዛ 5 ቀን ሲሆን፣ የመረጃ አዋጁ የሚሰጠው የመልስ ጊዜ 30 ቀን ነው፤ ጥያቄ ቀርቦ መልስ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሥርዓት ለወረርሽኝ አይሠራም። የሚሠራው ሳይጠየቁ መግለጽ ነው፤ ለዚህም አዲስ ተቋም አያሻም። የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሳምንታዊ የቅኝት መጽሔት ያወጣል፤ መጽሔቱ ግን የሚዘጋጀው በእንግሊዝኛ ሲሆን አንባቢዎቹም በአብዛኛው ረድኤት ድርጅቶችና ተመራማሪዎች ናቸው። ከዚያው ቁጥር የወረዳው ድርሻ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ ወይም በአካባቢው በሚነገር ቋንቋ በአንድ ገጽ ተዘጋጅቶ በየሰኞው በጤና ኬላው በር ላይ ቢለጠፍና ፈቃድ ባገኙ የማኅበረሰብ ራዲዮዎች ቢነበብ፣ ቁጥሩን የሰበሰበችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መልሳ ለመናገር የማንንም ፈቃድ አትጠብቅም ነበር።