ቅጽን ማጣራትና ብቅ ባይ መስኮት፤ የሰርቨር ስክሪፕት የሥራ ድርሻ

በዛሬው ጊዜ ተማሪ ሲመዘገብ፥ ሥራ ፈላጊም ሲያመለክት፥ ብዙውን ጊዜ የሚሞላው ቅጽ በኮምፒዩተር ወይም በስልክ ላይ የሚታይ ነው። እኔም ለአንድ የሥራ ልምምድ ለማመልከት ግማሽ ሰዓት የፈጀ ቅጽ ሞልቼ «ላክ» የሚለውን ብነካው፥ ገጹ ባዶ ሆኖ ተመለሰ። ስሕተቴ ምን እንደ ሆነ የሚናገር ቃል አልነበረበትም። ሦስት ጊዜ ሞላሁ፤ ሦስት ጊዜም እንዲሁ ሆነ፤ በዚህ መካከል የማመልከቻው ቀን አለፈ። ምክንያቱን በኋላ ስመረምር፥ ሰርቨሩ ስሕተቴን በብቅ ባይ መስኮት ሊነግረኝ ሞክሮ ኖሮ፥ ብራውዘሬ መስኮቱ እንዳይከፈት ከልክሎታል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለው ነገር ስለምን እንደሚሆንና እንዴት እንደሚቀር ማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ የሥራውን ክፍፍል እንመልከት። እንደ ፒኤችፒ ባለ ቋንቋ የተጻፈ ስክሪፕት የሚሠራው በሰርቨሩ ውስጥ ነው። የተላከለትን ቅጽ ይቀበላል፥ ይመረምራል፥ መልሱን ገጽ አድርጎ ይልካል፤ ከዚያም ሥራውን ይጨርሳል። ገጹ በአመልካቹ ፊት በሚታይበት ሰዓት ስክሪፕቱ ሥራውን ከፈጸመ ቈይቷል። ስለዚህ ሰርቨር በሰው ኮምፒዩተር ላይ መስኮት መክፈት ከቶ አይችልም። የሚችለው፥ ደብዳቤ ጸሓፊ በደብዳቤው ውስጥ «መስኮቱን ክፈትልኝ» ብሎ እንደሚለምን ሁሉ፥ በሚልከው ገጽ ውስጥ የጃቫስክሪፕት ትእዛዝ መጻፍ ብቻ ነው። ልመናውን መፈጸም ወይም መተው የብራውዘሩ ፈንታ ነው።

ብራውዘሩም እንቢ የሚልበት በቂ ምክንያት አለው። ብቅ ባይ መስኮት በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የማስታወቂያ መሣሪያ ሆኖ ሕዝቡን እጅግ አስመረረ። ትራይፖድ በተባለው ድርጅት ይሠራ የነበረውና የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ፕሮግራም እንደ ጻፈ የሚነገርለት ኢታን ዙከርማን በ2014 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ሥራው በአደባባይ ይቅርታ ጠይቋል። ማይክሮሶፍትም በ2004 እ.ኤ.አ. በብራውዘሩ ላይ መከላከያ ጨመረበት። ዛሬ ብራውዘሮች በተለመደው ደንባቸው ተጠቃሚው ራሱ ሳይነካ የሚከፈተውን መስኮት ይከለክላሉ። ከሰርቨር የመጣው የስሕተት መስኮት ደግሞ ገጹ ሲደርስ በራሱ የሚከፈት ስለ ሆነ፥ ከማስታወቂያው ጋር አብሮ ይከለከላል።

«እንግዲያውስ ማጣራቱን ሁሉ በብራውዘሩ ውስጥ በጃቫስክሪፕት ብንጨርሰውስ?» የሚል ይኖራል። ይህ ለአመልካቹ ፈጣን እርዳታ ነው፤ ነገር ግን በበር ላይ እንደ ቆመ ዘበኛ ነው። በአጥር ዘሎ የሚገባ አይጠፋም፤ ጃቫስክሪፕትን ያጠፋ ሰው፥ ወይም ቅጹን ሳይከፍት በሌላ ፕሮግራም የሚልክ ሰው፥ ዘበኛውን ሳያገኘው ያልፋል። ስለዚህ የመጨረሻው ፍርድ ምንጊዜም የመዝገብ ቤቱ፥ ማለት የሰርቨሩ፥ መሆን አለበት።

ፍርዱ ግን ትክክለኛ ይሆን ዘንድ ያስፈልጋል። በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ወልደ ጊዮርጊስ» ክፍት ቦታውን ጨምሮ 9 ምልክት ሲሆን 25 ባይት ነው። በፒኤችፒ «ስትርለን» የተባለው ትእዛዝ የሚቈጥረው ባይትን ስለ ሆነ፥ «ስም ከ20 ፊደል አይብለጥ» የሚል ቅጽ ይህን ስም ያለ ጥፋቱ ይጥለዋል፤ «ኤምቢ ስትርለን» የተባለው ግን በትክክል 9 ብሎ ይቈጥረዋል። እንደዚሁም በኢትዮጵያ አቈጣጠር ቀን የሚጠይቅ ቅጽ 13ኛውን ወር ጳጉሜን ካልተቀበለ፥ ስሕተቱ የአመልካቹ ሳይሆን የጸሓፊው ነው።

ከዚህ በላይ ከተገለጸው የሚከተለው ሥርዐት ይወጣል።

1ኛ፤ ሰርቨሩ እያንዳንዱን መልስ ይመርምር፤ ስሕተቶቹንም አንድ በአንድ ሳይሆን ሁሉንም በአንድነት ይሰብስብ።

2ኛ፤ ስሕተት ከተገኘ ቅጹን ራሱን መልሶ ይላክ፤ አመልካቹ የጻፈው ሁሉ በየቦታው ይኑር፤ የስሕተቱም ቃል ከተሳሳተው መልስ አጠገብ በግልጽ ይጻፍ። የይለፍ ቃል ብቻ ተመልሶ አይታይ።

3ኛ፤ አመልካቹ የጻፈውን መልሶ ከማሳየቱ በፊት፥ ብራውዘሩ እንደ ትእዛዝ ሊያያቸው የሚችሉትን ምልክቶች ወደ ተራ ጽሑፍ ይለውጥ። ይህ ካልሆነ ተንኰለኛ ሰው በስም ቦታ ላይ ትእዛዝ ጽፎ በሌላው ሰው ብራውዘር ውስጥ ሊያሠራው ይችላል።

4ኛ፤ ሁሉ ትክክል ከሆነ መዝግቦ ወደ ሌላ ገጽ ይምራው፤ አለዚያ አመልካቹ ገጹን ሲያድስ ያው ማመልከቻ ሁለት ጊዜ ሊመዘገብ ይችላል።

ብቅ ባይ መስኮት ፈጽሞ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ተጠቃሚው ራሱ «ማብራሪያ» የሚለውን ሲነካ ቢከፈት መልካም ነው። ሳይደርስ ቢቀር ጉዳት የሚያመጣ መልእክት ግን ለመስኮት በአደራ አይሰጥም። እኔ ያመለከትሁበት ቅጽ አንዲት መስመር ከሣጥኑ በታች ጽፎ ቢሆን ኖሮ ስሕተቴን በደቂቃ ባረምሁ ነበር። ነገ የሰው ጉዳይ የሚያልፍባቸውን ቅጾች የምንሠራው እኛው ስለ ሆንን፥ ይህን ከወዲሁ ብናስብበት የሚበጅ ይመስለኛል።