ባሕሩ እንዴት አደረ?

በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ምዕራባዊ ዳር «ኦሽን ቢች» በሚባለው ጠረፍ፣ በሳንቃ ላይ ቆመው ማዕበል የሚጋልቡ ሰዎች ሲነጋ አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ባሕሩ አዳር ነው። «ማዕበሉ ሁለት ሜትር ነው» ቢሏቸው ገና ምንም አልተነገራቸውም። (አንድ ቍጥር ብቻ የያዘ ራፖር የሚጽፍ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ይህን ቢሰማ መልካም ነበር።)

በአንዱ ማዕበልና በተከታዩ መካከል ስንት ሴኮንድ ያልፋል? 8 ከሆነ የቅርብ ነፋስ ያስነሣው ደካማ ማዕበል ነው። 16 ከሆነ ግን ምናልባት በአላስካ ባሕረ ሰላጤ ከተነሣ ዐውሎ ነፋስ የመጣ ይሆናል፤ ይህ ዐይነቱ በጥልቁ ባሕር በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ፣ ዳር ሲደርስ ከፊተኛው ይልቅ ከፍ ብሎ ይሰበራል።

ነፋሱም ከየብስ ወደ ባሕር ቀስ ብሎ ሲነፍስ የማዕበሉን ፊት ያቀናዋል፤ ከባሕር ሲመጣ ይበታትነዋል። የውሃው ሙላትና ጉድለትም አለ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው አሸዋው ነው። ማዕበል የሚሰበረው ጥልቀቱ ሲያንስበት ነውና፣ ከሥር ያለው የአሸዋ ጕብታ ቦታ በለወጠ ቍጥር መሰበሪያውም ይለወጣል። በጕብታዎቹ መካከል ያለው ቦይ ደግሞ ወደ ዳር የተገፋውን ውሃ ወደ ጥልቁ ይመልሳል። በዚያ ማዕበል እምብዛም ስለማይሰበር ጀማሪው ጸጥታውን አይቶ ደኅና ቦታ ይመስለዋል፤ ገብቶም ጅረቱ ይወስደዋል። እንዲህ የሆነበት ሰው ከጅረቱ ጋር ፊት ለፊት ከመታገል፣ ጠረፉን ተከትሎ ወደ ጎን ቢዋኝ ይሻለዋል፤ ውሃው በበጋም ቀዝቃዛ ስለሆነ ክንድ ቶሎ ይዝላል።